የልብን ነገር የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች እንዴት እንደሚጠኑ

በየገጠሩ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን ፤ እንዲሁም የልጆቻችሁን ትምህርት የምትከታተሉ ንባብ ዐዋቂ ሽማግሎች ፤ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደስታን ፥ ኀዘንን ፥ ፍርሃትን ፥ ቍጣንና ይህን የመሰለውን የልብ ነገር ሁሉ የሚገልጹባቸው ፈሊጦች አሏቸው። እነዚህም ቃል በቃል የተተረጐሙ እንደ ሆነ የተናጋሪውን አሳብ ያስታሉ። ስለዚህ በምን መንገድ ሊጠኑ እንደሚገባ እንናገራለን።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ያስብ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ከውጭ አገር ቋንቋዎች ከፍ ያለው ስፍራ የፈረንሳይኛ ነበረ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ግን ስፍራውን እንግሊዝኛ ወሰደው ፤ ዛሬም በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ባሉት ትምህርት ቤቶች ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ከመንደር ወጥቶ ወደ ላይ የሚማር ልጅ ይህን ቋንቋ የሚያገኘው በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም ፤ በፈተና ወረቀት ፥ በታሪክ መጽሐፍ ፥ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ፥ ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች በሚልኩት መልእክት ሁሉ ያገኘዋል።

ለምሳሌ አንድ የመንደር ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ለማግኘት ማመልከቻ ጻፈ እንበል። መልሱም በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። አባቱና ጎረቤቶቹ ተሰብስበው «እስኪ አንብብልን» አሉት። ደብዳቤው «አይ አም አፍሬይድ» ብሎ ይጀምርና ቦታው በሌላ ሰው መያዙን ይናገራል። ልጁ «አፍሬይድ» ማለት «የፈራ» ማለት እንደ ሆነ በክፍል ተምሯልና «እኔ ፈርቻለሁ ፤ ቦታው ተይዟል» ብሎ ይተረጕመዋል። ከሽማግሎቹም አንዱ «ምን አስፈራው? የሚከለክለው አለቃ ቢኖርበት ነው» ይላል ፤ ሌላውም «አይደለም ፤ ፈራሁ ማለቱ እጅ መንሻ ቢፈልግ ነው» ይላል። እንዲህ ሲሉ መክረው ለመንገዱ ስንቅ ፥ ለአማላጁ ገንዘብ ያወጣሉ። ጸሐፊው ግን አንዳች አልፈራም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደስ የማያሰኝ ነገር ሊናገር ሲል ቃሉን ለማለስለስ «አይ አም አፍሬይድ» የሚለውን ያስቀድማል ፤ በአማርኛ «ይህን የምነግርህ እያዘንሁ ነው» እንደ ማለት ነው። ደብዳቤው በትሕትና የተሸፈነ ቍርጥ እምቢታ ነበረ። ልጁ ይህን አንድ ፈሊጥ ቢያውቅ ኖሮ ስንቁም ገንዘቡም ይቀር ነበር ፤ እርሱም በዚያው ቀን ለሌላ ቦታ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር።

«አይ አም ሶሪ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ልጆች «ይቅርታ» ማለት ነው ብለው ይማሩታል ፤ እውነት ነው ፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሰው ወደ ሞተበት ቤት ሲገባ ይህንኑ ቃል ይናገራል። እኛ በለቅሶ ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንደምንለው ነው እንጂ በሟቹ ላይ የፈጸመው በደል ኖሮት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን «ምን አድርጎት ኖሯል?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው «ዱ ዩ ማይንድ» የሚለው ጥያቄ ነው። መስኮት ሊከፍት የፈለገ እንግዳ በዚህ ቃል ቢጠይቅ «መስኮቱን ብከፍት ይከፋሃልን?» ማለቱ ነው። የእኛ ልጅ ሊፈቅድለት ፈልጎ «የስ» ቢለው «አዎን ፤ ይከፋኛል» ብሎ ከለከለው ማለት ነው። የሚፈቅድ ሰው «ኖ» ይላል ፤ ወይም «አይ ዶንት ማይንድ» ብሎ ይመልሳል። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሁለት ልጆችን አቁሞ አንዱ ስለ መስኮቱ እንዲጠይቅ ፥ ሁለተኛው እንዲፈቅድና እንዲከለክል ማለማመድ ይሻላል።

እንግዲህ ፈሊጥ ማለት ምንድር ነው? በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይደክምም። በቅኔ ሰምና ወርቅ አለ ፤ ሰሙ በላይ የሚታየው ቃል ነው ፤ ወርቁ በውስጡ የተሰወረው ምሥጢር ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ተማሪ መምህሩ «ወርቁስ?» ባሉት ጊዜ የሚመልሰው የለውም። የእንግሊዝኛውም ፈሊጥ ሰምና ወርቅ አለው ፤ «አፍሬይድ» የሚለው ፍርሃት ሰም ነው ፤ የእምቢታው ማለስለሻ ወርቅ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ፈጽሞ የማያውቁ የቅኔ ሊቅ እንኳ ለዚህ ትምህርት ይረዳሉ። ተማሪው ሰሙን ወደ አማርኛ ይመልስላቸው ፤ እርሳቸው ደግሞ በትርጓሜ ቤት እንደሚባለው «አንድም» እያሉ ወርቁን ይፈልጉ ፤ መምህሩም የትኛው እንደ ሆነ ይፍረድ። ልጆች ሲከራከሩ ያገኙትን ነገር ከተነገራቸው ይልቅ አጥብቀው ይይዙታል።

ነገር ግን ቅኔና ፈሊጥ የሚለያዩበት ነገር አለ ፤ ይህም እንዳይዘነጋ። ባለቅኔ ሰሙን ሁልጊዜ አዲስ አድርጎ ያበጃል ፤ የትናንቱን ቢደግም ያፍርበታል። የፈሊጥ ሰም ግን የተቈለፈ ነው ፤ ማንም ሊለውጠው አይችልም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ ሰው ሊያደርገው ካሰበው ነገር በመጨረሻው ሰዓት ፈርቶ ያፈገፈገ እንደ ሆነ «ሂ ጎት ኮልድ ፊት» ይላል ፤ ሰሙ «እግሮቹ ቀዘቀዙ» ነው ፤ ወርቁ «ወኔው ከዳው» ነው። በእግር ፋንታ ጕልበት ብሎ ቢናገሩት ፥ ወይም ሁለቱን እግር ወደ አንድ ዝቅ ቢያደርጉት ፈሊጥነቱ ይፈርሳል ፤ ሰሚውም በእውነት ብርድ የያዘው ሰው ይመስለዋል። (ደግሞም የእንግሊዝኛው «ፊት» እግሮች ማለት ሲሆን ድምፁ ከአማርኛው ፊት ጋር አንድ ስለ ሆነ ጀማሪ ልጆች «ፊቱ ቀዘቀዘ» ብለው ይጽፋሉ። መምህሩ ቀድሞ ያስጠንቅቃቸው።)

አሁን ወደ ልብ እንምጣ ፤ ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ነውና። ልብ በእኛ ዘንድ የስሜት ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ማደሪያ ነው። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው ፤ «ልብ ገዛ» ስንል አዋቂ ሆነ ፥ ሰከነ ማለታችን ነው ፤ «ልበ ቢስ» የምንለውም የማያስተውለውን ነው። በእንግሊዝኛ ግን ማስተዋል ለራስ ተሰጥቶ «ሃርት» ለፍቅር ፥ ለርኅራኄና ለድፍረት ቀርቷል። ስለዚህ «ሃርትለስ» ማለት ቃሉ «ልብ የሌለው» ቢሆንም ትርጓሜው ጨካኝ ነው እንጂ ልበ ቢስ አይደለም። ዘንጊ ልጅን ለመገሠጽ ፈልጎ «ሃርትለስ» ያለ መምህር ልጁን አረመኔ ነህ ብሎ ሰደበው ማለት ነው። «ሉዝ ሃርት» የሚለውም «ልብን ማጣት» ነው ፤ የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ «ልቡን ሳተ» ከሚለው ጋር አንድ ያደርገውና ሰውዬው ራሱን ስቶ የወደቀ ይመስለዋል ፤ ፍቺው ግን ተስፋ ቈረጠ ማለት ነው። የዚህ ተቃራኒ «ቴክ ሃርት» ነው ፤ ቃሉ «ልብ ውሰድ» ፤ ወርቁ «አይዞህ» ነው። «ለርን ባይ ሃርት» ደግሞ በቃል መያዝ ነው። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው እንግሊዞች በልቡ ተማረ የሚሉት ለምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበትም ስፍራ አለ። «ልቤ ተሰበረ» የምንለውን እነርሱም እንዲሁ ይሉታል ፤ «ደሜ ፈላ» የምንለውንም «ማይ ብለድ ቦይልስ» ብለው በዚያው ቃል ይናገሩታል። መምህሩ ትምህርቱን ከእነዚህ ቢጀምር መልካም ነው ፤ ልጆቹ እንግዳው ቋንቋ እንደ እነርሱ ባለ ሰው አፍ የሚነገር መሆኑን ያያሉና።

ከልብ በታች ወደ ሆድና ወደ አንጀት ሲወረድ ግን መንገዱ ይለያያል። አማርኛ በዚህ በኩል ባለጠጋ ነው። ሆዴ ባባ ፥ ሆድ ባሰኝ ፥ አንጀቴን በላው ፥ አንጀቴ ራሰ ፥ ቆሽቴ አረረ እንላለን ፤ ታጋሹን ሆደ ሰፊ ፥ ቶሎ የሚያኰርፈውን ሆደ ባሻ እንለዋለን። ይህን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል የመለሰ ሰው ሐኪም ይጠራለታል። በቀድሞ ዘመን እንግሊዞችም ወደ እኛ ቀርበው ነበር። በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው በቈላስይስ መልእክት ምዕራፍ 3 ቍጥር 12 ላይ ስለ ርኅራኄ ሲናገር አንጀት የሚለውን ቃል አስገብቷል ፤ በግሪኩም ያለው ቃል የውስጥ ዕቃን የሚያመለክት ነውና። በ1881 የታረመው አዲስ ኪዳን ግን በአንጀት ፋንታ ልብ አለ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ያ ቃል የሚሰማው በሐኪም ቤት ነው። በጨዋ ፊት «አንጀቴን በላኸው» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ርኅራኄውን ሊገልጽ ሲል ነውር ይናገራል።

ሆድን በሚመለከት ዛሬም የሚናገሩት ፈሊጥ አለ ፤ እርሱም «በተርፍላይስ ኢን ማይ ስተመክ» የሚለው ነው። «በሆዴ ውስጥ ቢራቢሮዎች አሉ» ማለት ነው። ቢራቢሮ የመስከረም ጌጥ ስለ ሆነች ልጆቻችን የደስታ ምልክት አድርገው ይገምቱታል። ነገር ግን ፈተና ሊቀመጥ ወይም በሰው ፊት ሊናገር የቀረበ ሰው በውስጡ የሚሰማው መርበትበት ነው።

ስለ ቀለማት ጥቂት እንበል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ኀዘን ሲጫነው «አይ ፊል ብሉ» ይላል። «ብሉ» በአማርኛ ሰማያዊ ነው ፤ ሰማያዊ ደግሞ በእኛ ቋንቋ የቀለም ስም ብቻ ሳይሆን የሰማይ የሆነ ፥ መንፈሳዊ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ቃል በቃል የተረጐመ ልጅ ያዘነውን ሰው ወደ ሰማያት አውጥቶ ያስቀምጠዋል። ቅናት ደግሞ በእነርሱ ዘንድ አረንጓዴ ነው ፤ «ግሪን ዊዝ ኤንቪ» ይላሉ። ለእኛ አረንጓዴ ልምላሜና ተስፋ ነውና ይህ ያለ ትርጓሜ አይገባም። ቅናትን ዐይነ አረንጓዴ አውሬ ብሎ የጠራው ሼክስፒር ነው ፤ ኦቴሎ በተባለው ተውኔቱ ይገኛል ፤ ይህንንም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሰውታል። ቍጣ በቀይ መመሰሉ ግን አያስቸግርም ፤ «ሲ ሬድ» ማለት «ቀይ አየ» ሲሆን በጣም ተቈጣ ማለት ነው ፤ እኛም ዐይኑ ደም ለበሰ እንላለን።

ብርድና ሙቀትም እንደ ቀለሙ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሙቀት የፍቅር ፥ ቅዝቃዜ የመራራቅ ምሳሌ ነው ፤ እንግዳን በደስታ መቀበል «ሞቅ ያለ» ይባላል ፤ ፊት መንሳት ደግሞ «ኮልድ ሾልደር» ፥ ማለት ቀዝቃዛ ትከሻ መስጠት ይባላል። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይህ ይገለበጣል ፤ መከራ ያቃጥላል ፥ መጽናናት ግን አንጀት ያርሳል። አገራቸው ብርዳም ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ለተማሪ ማስታወሻ ይሆነዋል እንጂ ማስረጃ አይሆንም ፤ እኛም በደጋ የምንኖር ብርድን እናውቀዋለንና።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተውን ላንሣ ፤ «አይ አም ፌድ አፕ» የሚለው ነው። ቃሉ ምግብን ጠግቦ መሙላትን የሚያሰማ ነው። የእኛ ልጅ ይህን «ጠግቤአለሁ» ብሎ ይተረጕማል። በአማርኛ ግን ጠገበ ማለት ኰራ ፥ ባለጌ ሆነ ማለት ጭምር እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድ ሰው የደረሰበትን በደል ሲያማርር ሰሚው ሲኰራና ሲዝት የሰማው ይመስለዋል ፤ ያልነበረ ጠብም ይነሣል። ትክክለኛው ፍቺ «አንገሸገሸኝ» ወይም «ታከተኝ» ነው። ይህ ፈሊጥ በባልንጀሮች መካከል የሚነገር ነው ፤ ለአለቃ ፥ ለዳኛ ወይም ለመምህር አይነገርም። ይህንንም ለልጆች መንገር የትርጓሜው ክፍል ነው። አማርኛ አንተን ፥ አንቱንና እርስዎን ስለሚለይ ልጆቻችን ክብር በቃሉ ውስጥ እንዲታይ ለምደዋል ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዩ» ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ ክብሩም ንቀቱም የሚገባው በፈሊጡ ምርጫ ነው። ለሽማግሌ ሊነገር የማይገባውን ያልለየ ልጅ ሳያውቅ ባለጌ ይባላል።

ስለ ጠባይ ከሚናገሩት ሁለቱን ብቻ እናንሣ። «ስቲፍ አፐር ሊፕ» ማለት የላይኛውን ከንፈር ማድረቅ ነው። ሰው ሊያለቅስ ሲል ከንፈሩ ይንቀጠቀጣልና ፥ በመከራ ጊዜ ከንፈሩን ሳያንቀጠቅጥ የሚታገሥ ሰው በዚህ ይመሰገናል። የእንግሊዞች የራሳቸው ጠባይ ተደርጎ ይነገራል ፤ በጽሕፈት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ይገኛል። የእኛ «ሆድ ይፍጀው» ይቀርበዋል ፤ ፈጽሞ ግን አንድ አይደለም ፤ የእኛው ነገሩ እንዳይነገር በውስጥ ይቅበረው ማለት ሲሆን የእነርሱ መታየት የለበትም ማለት ነው። ከንፈር መምጠጥን ደግሞ ከዚህ ጋር ማንም አያደባልቀው ፤ እርሱ ስለ ሌላው ማዘን ነው።

ሁለተኛው «ቺፕ ኦን ሂዝ ሾልደር» ነው ፤ «በትከሻው ላይ ፍላጭ እንጨት አለ» ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ጠብ የፈለገ ልጅ ፍላጭ እንጨት በትከሻው ላይ አስቀምጦ «ደፋር የሆነ ይጣልልኝ» ይል ነበር። ይህን ስትሰሙ የራሳችሁ ልጅነት ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም ፤ በእኛም አገር እረኞች አፈር ከምረው «ይህ የእናትህ ጡት ነው» ተባብለው ክምሩን ያፈረሰ ጠቡን ይጀምራል። ባሕርና ምድር የለያቸው ልጆች ለጠብ ያበጁት ምክንያት አንድ ዐይነት ነው። የዛሬው ፍቺ ግን ከ«ጠብ ያለሽ በዳቦ» ይጠልቃል ፤ ተንቄአለሁ የሚል አሮጌ ቂም በልቡ ስላለ በትንሹ ነገር የሚቈጣን ሰው ያመለክታል።

ስለ አስተማሪው ሥራ የሚቀረው ይህ ነው። መቶ ፈሊጥ በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥ ከንቱ ድካም ነው ፤ በሳምንት ሦስት ይበቃል። ተማሪው በደብተሩ አንድን ገጽ በሦስት ዐምድ ይክፈል ፤ በፊተኛው ሰሙን ፥ በሁለተኛው ወርቁን ፥ በሦስተኛው ለማን እንደሚነገርና ለማን እንደማይነገር ይጻፍ። ብዙዎች ሦስተኛውን ይተዉታል ፤ እኔ ግን ከሁለቱ ይልቅ እርሱን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ሲያነብና ሲሰማ ማወቁ ይብቃው ፤ ለመናገር አይቸኵል። ፈሊጥን ያለ ቦታው የሚናገር ሰው የሌላውን ካባ ለብሶ የወጣ ይመስላል ፤ በቀላል ቃል «አዝኛለሁ» ማለት ማንንም አያሳፍርም።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እነሆ። ፊተኛው «ማይ ብራዘር ፌልት ብሉ ፤ ሶ አይ ቶልድ ሂም ቱ ቴክ ሃርት» የሚል ነው ፤ «ወንድሜ ከፍቶት ነበርና አይዞህ አልሁት» ያለ ተማሪ አግኝቶታል። ሁለተኛው «ሺ ጎት ኮልድ ፊት ቢፎር ዘ ኤግዛም» ነው ፤ «ልትፈተን ስትል ወኔዋ ከዳት» ማለት ይገባል። ሦስተኛው «አይ አም አፍሬይድ ዘ ቲቸር ኢዝ ፌድ አፕ ዊዝ አስ» ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ በአንድነት ተቀምጧል ፤ «ይህን ስነግራችሁ እያዘንሁ ነው ፤ መምህሩን አንገሽግሸናቸዋል» እስኪሉ ድረስ ይከራከሩ። «እፈራለሁ ፤ መምህሩ ጠግበዋል» ብሎ የጻፈ ልጅ ቢገኝ ወዲያው በቀይ አይሰረዝበት ፤ «የፈራው ማን ነው? የጠገበውስ ምን በልቶ ነው?» ተብሎ ይጠየቅና ራሱ ይመልስ።